«ቪ ኤይት» ብለው የገዙት መኪና ስንት ሲሊንደር አለው?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የመኪናን ስም የሚያወጡት ግን ሦስት ወገኖች ናቸው። አንደኛው የፋብሪካው የሽያጭ ክፍል ነው፤ «ላንድክሩዘር»፣ «ፕራዶ»፣ «ሃይሉክስ» እያለ በሚያብረቀርቅ ፊደል ከኋላው ይለጥፍለታል። ሁለተኛው የእኛው ገበያ ነው፤ «ቪ ኤይት»፣ «ዶልፊን»፣ «አባዱላ» እያለ እንደገና ክርስትና ያነሳዋል። ሦስተኛው የፋብሪካው መሐንዲስ ነው፤ እሱ የሚያወጣው ስም ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ ለጆሮ የማይጥም፣ ከኮፈኑ ሥር ባለች ትንሽ ሳህን ላይ ተመትቶ የሚቀር ነው።

ከሦስቱ ስሞች መካከል ስለ መኪናው ውስጥ የሚናገረው ይኸው የመጨረሻው ነው። የገዢ ገንዘብ የሚባክነው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሁለቱ የአደባባይ ስሞችና በዚህ በተደበቀው ስም መካከል ባለው ክፍተት ነው።

ሶማሌ ተራ ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ ጥቂት ጊዜ የቆመ ሰው ነገሩን በጆሮው ይሰማል። ደንበኛው መጥቶ «የላንድክሩዘር የፊት ባሌስትራ አላችሁ?» ይላል። ባለሱቁ «አለ» ወይም «የለም» ብሎ አይመልስም። «ጋሼ፣ የየትኛው? የሰባ አምስቱ ነው የሰባ ዘጠኙ?» ሲል ይጠይቃል። ደንበኛው «የፒክአፑ ነዋ!» ይላል። ሁለቱም ፒክአፕ ናቸው፤ ሁለቱም ላንድክሩዘር ናቸው፤ ከሩቅ ሲታዩም መንታ ይመስላሉ። 75ቱ ግን ከፊት የቆመው በባሌስትራ ላይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተተካው 79 ከፊት የቆመው በሞላ ላይ ነው። የ79 የፊት ባሌስትራ የሚባል ዕቃ ከፋብሪካው አልወጣም። ባለሱቁ ያችን አንዲት ጥያቄ ባይጠይቅ ኖሮ ደንበኛው የማይገጥም ብረት ተሸክሞ ክፍለ ሀገር በገባ ነበር።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ፣ ገበያው በአብዛኛው የሚያገላብጠው ቀደም ሲል የገባውን መኪና ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ በዶላር የሚገዛው መለዋወጫ ሁሉ በብር ሲታሰብ ናረ። አንድ መኪና ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር፣ የሻጩ ቃል፣ የደላላው ቃልና የሳህኗ ቃል የመለያየታቸው ዕድል ይሰፋል። ስለዚህ ሳህኗን ማንበብ መቻል የመካኒክ ሥራ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የነጋዴም ሥራ ሆኗል።

(እዚህ ላይ «ኮድ» ስንል የሰሌዳውን ኮድ 2 ወይም ኮድ 3 ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልን። የምናወራው ፋብሪካው ለመኪናው ስለሚሰጠው የሞዴል ኮድ ነው። ለምሳሌነት የወሰድነውም በአገራችን መንገድና ገበያ ላይ በስፋት የሚታየውን የቶዮታን የጭነትና የመስክ መኪና ነው።)

ጄ የምትባለው ፊደል

የላንድክሩዘር ኮድ ሁሉ በውስጡ «ጄ» የምትባል ፊደል ይዟል። ታሪኳ አጭር ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1951 ባለ አራት ጎማ ተጎታች የሆነ የመስክ መኪና ሠራ። ሞተሩ «ቢ» የሚባለው፣ 3.4 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነበር። መኪናው በዘመኑ ታዋቂ የነበረውን የአሜሪካኖቹን ጂፕ የሚመስል ስለነበር «ቶዮታ ጂፕ ቢጄ» ተባለ፤ ቢ ሞተሩ፣ ጄ ደግሞ ጂፕ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት አንድ የሙከራ ሾፌር ይህንኑ መኪና እየነዳ የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ ወጣው። ከዚያ በኋላ የጃፓን ፖሊስ 289 መኪናዎች አዘዘ።

«ጂፕ» የሚለው ስም ግን ባለቤት ነበረው። የአሜሪካው ዊሊስ ኩባንያ የንግድ ምልክቴ ነው በማለቱ ቶዮታ ሌላ ስም መፈለግ ግድ ሆነበት። እ.ኤ.አ. በ1954 የኩባንያው የቴክኒክ ኃላፊ ሃንጂ ኡሜሃራ «ላንድክሩዘር» አሉት። የእንግሊዞቹ ላንድሮቨር በገበያ ላይ ስለነበር ከእሱ በክብር የማያንስ ስም ፈልገው ነው ያወጡት። በዚህ ዓይነት የአደባባዩ ስም ሲለወጥ የመሐንዲሱ ስም ሳይነካ ቀረ። ጂፕ ከመኪናው ላይ ተፋቀ፤ ጄ ግን ከሳህኑ ላይ እስከ ዛሬ አለች። ከ70 ዓመት በኋላ በወጣው ላንድክሩዘር 300 ላይም ትገኛለች።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። የሽያጭ ክፍሉ ስም በገበያ፣ በሕግ፣ በፋሽን ምክንያት ይቀያየራል። ኮዱ የሚለወጠው ግን ብረቱ ሲለወጥ ነው።

ኮዱ እንዴት ይነበባል?

በአገራችን ገጠር ብዙ የሠራውን ፒክአፕ እንውሰድ። ሳህኑ ላይ «ኤችዜድጄ 79 ኤል» ከሚል ተነስቶ ከጭረት በኋላ ሌሎች ፊደላት ይከተሉታል። ከግራ ወደ ቀኝ ሲነበብ እንዲህ ነው።

«ኤችዜድ» የሞተሩ ቤተሰብ ነው። ሞተሩ ራሱ ሙሉ ስሙ «1ኤችዜድ» ሲሆን መካኒኮቻችን «ዋን ኤች ዜድ» የሚሉት ነው። 1 ቁጥሩ በመኪናው ኮድ ውስጥ አይገባም። «ጄ» እንዳልነው ላንድክሩዘር መሆኑን ትናገራለች። ከ79 ውስጥ 7ቱ ትውልዱን ሲያመለክት፣ 9ኙ በዚያ ትውልድ ውስጥ ያለውን ዓይነት ያሳያል፤ 76 ባለ አምስት በር፣ 78 ረጅሙ ሃርድቶፕ፣ 79 ፒክአፕ ነው። «ኤል» መሪው በግራ ነው ማለት ሲሆን፣ በቀኝ ቢሆን ኖሮ «አር» ይባል ነበር። ከጭረቱ በኋላ ከሚመጡት ፊደላት መካከል «ኤም» ባለ 5 ማርሽ በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ነው። መጨረሻ ላይ የምትመጣው ፊደል ደግሞ ካለች መኪናው የተሠራለትን ገበያ ትናገራለች፤ «ቪ» ለባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ «ደብሊዩ» ለአውሮፓ፣ «ኪዩ» ለአውስትራሊያ።

ይህች የመጨረሻ ፊደል ለእኛ ነጋዴ ትርጉም አላት። ብዙ መኪና ወደ አገራችን የገባው በዱባይ በኩል ነው። ለባሕረ ሰላጤው የተሠራ መኪና ለዚያ አገር ሙቀትና ለዚያ አገር ገዢ ምርጫ የተዘጋጀ ነው። ሻጩ «የአውሮፓ ስሪት ነው» ሲል ሳህኑ «ቪ» ካለ፣ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል፤ ሳህኑ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

የሞተሩም ስም የራሱ ሰዋስው አለው። ከጭረት በኋላ የሚመጡት ፊደላት የተጨመረለትን ይቆጥራሉ። «ቲ» ካለ ተርቦ አለው። «ኢ» ካለ የነዳጅ መርጫው በኤሌክትሮኒክስ ይታዘዛል። በናፍጣ ሞተር ላይ «ቪ» ካለ ኮመን ሬል በሚባለው፣ በከፍተኛ ግፊት ነዳጅ በሚረጨው ሥርዓት ይሠራል። 1ኤችዜድ ከጀርባው ምንም ፊደል የለውም። ተርቦ የለውም፤ ኮምፒዩተር አያዘውም። 4164 ሲሲ፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ የድሮ ናፍጣ ሞተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሞተር ዛሬም የሚፈለግበት ምስጢር ይኸው ፊደል አልባነቱ ነው። ከዋናው ከተማ በራቀ ወረዳ ሲቆም መካኒኩ የሚያስፈልገው ቁልፍና ልምድ እንጂ የኮምፒዩተር መመርመሪያ አይደለም። ለግንባታ፣ ለማዕድን ፍለጋና ለእርዳታ ሥራ መኪና የሚገዛ ሰው ለዚህ ባዶ ቦታ ገንዘብ የሚከፍለው አውቆ ነው።

«ቪ ኤይት» እና ሲሊንደሮቹ

አሁን ወደ ርዕሳችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ላንድክሩዘር 200 በአገራችን «ቪ ኤይት» ተብሎ ቀረ። ስሙ የባለሥልጣንና የባለሀብት ምልክት ሆነ፤ የፖለቲካ ቀልድና ሐሜትም ገባበት። ቪ ኤይት ማለት ግን የሞተር ዓይነት ነው። አራት አራት ሆነው በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ስምንት ሲሊንደሮች ማለት ነው።

የ200 ሁሉ ሞተር ስምንት ሲሊንደር ነወይ? ኮዱን እንጠይቅ። «ቪዲጄ 200» የናፍጣው ነው፤ 1ቪዲ የሚባለው፣ 4461 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ተርቦ፣ በእርግጥም ቪ ኤይት ነው። «ዩዜድጄ 200» እና «ዩአርጄ» የሚሉትም የቤንዚን ቪ ኤይት ናቸው። ነገር ግን «ጂአርጄ 200» የሚባል አለ። ይህ 1ጂአር የሚባለውን 3956 ሲሲ የቤንዚን ሞተር የተሸከመ ነው፤ ሲሊንደሮቹም ስድስት ናቸው። ቪ ኤይት አይደለም፤ ቪ 6 ነው። ለባሕረ ሰላጤው ገበያ በዝቅተኛው ደረጃ የቀረበ ሲሆን፣ ከስምንት ሲሊንደሩ ያነሰ ዋጋ ነበረው።

ከውጭ ሲታይ አካሉ አንድ ነው። በሩ፣ መስተዋቱ፣ ግርማው አንድ ነው። ከኋላ በር ላይ የሚለጠፈው «ቪ ኤይት» የሚል ጽሑፍ ደግሞ በማጣበቂያ የሚያዝ ጌጥ ነው፤ ሱቅ ገብቶ መግዛት ይቻላል። ገዢው የሚከፍለው ገበያው ላወጣው ስም ከሆነ፣ የስድስት ሲሊንደር መኪና በስምንት ሲሊንደር ዋጋ የማይገዛበት ምክንያት የለም። ይህን የሚከለክለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮፈኑን ከፍቶ ሦስት ፊደል ማንበብ።

ግራ መጋባቱ በአዲሱ ትውልድ ላይ ብሷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ላንድክሩዘር 300 በየትኛውም ገበያ ቪ ኤይት የለውም። የናፍጣው «ኤፍጄኤ 300» ሞተር 3345 ሲሲ፣ ቪ 6፣ ባለ ሁለት ተርቦ ነው። የቤንዚኑ «ቪጄኤ 300» 3445 ሲሲ፣ እሱም ቪ 6 ባለ ሁለት ተርቦ ነው። «ጂአርጄ 300» ያው የድሮው የ4 ሊትሩ ቪ 6 ነው። ስለዚህ «አዲሱ ቪ ኤይት» ብሎ 300ን የሚያሻሽጥ ደላላ የሌለ መኪና እየሸጠ ነው። መኪናው በዚህ ምክንያት መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም፤ ኩባንያው እንዳስታወቀው ከቀዳሚው 200 ኪሎ ያህል ቀሏል፤ የናፍጣው ጉልበትም ከድሮው ስምንት ሲሊንደር ይበልጣል። የምንለው ስሙ ከብረቱ ጋር ተለያይቷል ነው።

ቁጥሩ ሲያድግ መኪናው ያላደገባቸው

ሌላው ገዢን የሚያሳስተው ቁጥሩን እንደ ደረጃ መቁጠር ነው። 80 ከ70፣ 90 ከ80 ይበልጣል ተብሎ ይታሰባል። የቶዮታ ቁጥር ግን የወረፋ ቁጥር ነው እንጂ የማዕረግ ቁጥር አይደለም። ይኸውም የሚታወቀው በሦስት ምሳሌዎች ነው።

አንደኛው ፕራዶ ነው። ከ80 በኋላ እ.ኤ.አ. በ1996 የመጣው 90 ቁጥር የታላቁ ላንድክሩዘር ተተኪ አልነበረም፤ የታናሹ የፕራዶ ነው። የ80 ተተኪ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው 100 ነው። ከዚያ 120 እና 150 እንደገና ፕራዶ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነው 250ም በ150 እግር የተተካ ነው እንጂ ከ200 በኋላ የመጣ ታላቅ ወንድም አይደለም። «250 ስለሆነ ከ200 ይበልጣል» ብሎ የሚከራከር ካለ፣ ፕራዶን ከላንድክሩዘር እያስበለጠ መሆኑን ይወቅ።

ሁለተኛው 105 ነው። 105 እና 100 በአካል አንድ ናቸው። ነገር ግን 100 የፊት ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻ የሚንቀሳቀሱ ሲሆን፣ 105 ከፊትም አንድ ወጥ አክስል አለው፤ ሞተሩም በናፍጣ ከሆነ ያው 1ኤችዜድ ነው። ለአስፋልት ምቾት የፈለገ 100ን፣ ለኮረኮንች ጥንካሬ የፈለገ 105ን ይመርጣል። የፊት እግር ዕቃቸው አይወራረስም።

ሦስተኛው 70 ነው። በቁጥር ከሁሉ ያነሰ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው ይህ ትውልድ 80ን፣ 100ን እና 200ን ሸኝቶ ከ300 ጋር አብሮ እየተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በጃፓን ገበያ ላይ በ2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር እንደገና ቀርቧል።

ሲሲ ብቻውንም እንደማይበቃ የሚያሳይ ምሳሌ ከፕራዶ መንደር እንጨምር። «ኬዜድጄ 95» እና «ኬዲጄ 95» ሁለቱም ናፍጣ፣ ሁለቱም ባለ ተርቦ፣ የሁለቱም ሞተር 2982 ሲሲ ነው። በጉምሩክ ወረቀት ላይ ልዩነት የላቸውም። የመጀመሪያው 1ኬዜድ ሲሆን፣ ሁለተኛው 1ኬዲ ባለ ኮመን ሬል ነው። ቴስታታቸው፣ ፓምፓቸው፣ የነዳጅ መርጫቸው የተለያየ ነው። «የፕራዶ ሦስት ሺህ ሲሲ ቴስታታ» ብሎ ስልክ የሚደውል ሰው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው የተናገረው።

ሃይሉክስና ዘመዶቹ

የሃይሉክስ ፊደል «ኤን» ናት። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የመጀመሪያው «አርኤን 10» ነበር። ከዚያ በኋላ በአገራችን ብዙ ያገለገለው «ኤልኤን 106» ኤል የሚባለውን የናፍጣ ሞተር የተሸከመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከመጣው ትውልድ «ኬዩኤን 25» 2.5 ሊትር፣ «ኬዩኤን 26» 3 ሊትር ናፍጣ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ያሉት «ጂዩኤን 125» እና «126» ደግሞ 2.4 እና 2.8 ሊትር ናቸው።

ከዚህ ቤተሰብ ለነጋዴ የሚጠቅመው የፎርቹነር ነገር ነው። ፎርቹነር በመልኩ ከፕራዶ ጋር ይመሳሰላል፤ በገበያም «ትንሹ ፕራዶ» የሚለው አይታጣም። በኮዱ ውስጥ ግን ጄ የለችም፤ ኤን ናት ያለችው። የሃይሉክስ ወንድም እንጂ የፕራዶ ልጅ አይደለም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2004 በታይላንድ ባስጀመረው «አይኤምቪ» በተባለው ዕቅድ፣ በአንድ ሻንሲ ላይ አምስት መኪና አቀደ፤ ከ1 እስከ 3 የሃይሉክስ ሦስት ዓይነት ጋቢናዎች፣ 4 ፎርቹነር፣ 5 ኢኖቫ የሚባለው የቤተሰብ መኪና ናቸው። ስለዚህ የፎርቹነር ባለቤት ዕቃ ሲያጣ መጠየቅ ያለበት የሃይሉክሱን ሱቅ ነው።

በተቃራኒው ሌክሰስ በስሙ ሌላ ዓለም ቢመስልም ሳህኑ ላይ ያው ጄ አለች። ሌክሰስ ኤልኤክስ 470 በኮዱ «ዩዜድጄ 100» ነው፤ ላንድክሩዘር 100 ማለት ነው። ሌክሰስ ጂኤክስ 460 ደግሞ «ዩአርጄ 150» ነው፤ ፕራዶ 150 ማለት ነው። የቆዳ ወንበሩና የፊት መብራቱ ይለያይ እንጂ ከሥር ያለው ብረት የአንድ ቤት ነው። ይህን ያወቀ የሌክሰስ ባለቤት ለብዙ ዕቃ የቅንጦት ዋጋ አይከፍልም።

ኩባንያው ለምን እንዲህ ያደርጋል?

አንድ ሻንሲ ነድፎ፣ ፈትሾ፣ ለማምረቻው መሣሪያ ለማዘጋጀት የሚወጣው ወጪ አንድ መኪና ቢሸጥም ሚሊዮን ቢሸጥም ያው ነው። ስለዚህ ኩባንያው ወጪውን በብዙ መኪና ላይ ማካፈል ይፈልጋል። ገዢው ደግሞ የተለየ ነገር የያዘ እንዲመስለው ይፈልጋል። ሁለቱን ፍላጎት የሚያስታርቀው ይኸው የስም ድርብነት ነው። ከላይ ብዙ ስም፣ ከሥር አንድ ኮድ።

የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ይህን ለረጅም ዘመን ሠርቶበታል። የትላልቅ ፒክአፖቹንና የመስክ መኪናዎቹን መሠረት «ጂኤምቲ»፣ ማለትም የጄኔራል ሞተርስ ጭነት መኪና፣ እያለ በ400፣ በ800፣ በ900 ቁጥር ጠራ። ቼቭሮሌት ሲልቨራዶ፣ ጂኤምሲ ሲዬራ፣ ታሆ፣ ሰበርባን፣ ዩኮን፣ እስከ ካዲላክ ኤስካሌድ ድረስ ያሉት ስሞች ሁሉ ከሥር የሚገናኙት በዚያ አንድ ቁጥር ላይ ነው።

ቶዮታም እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ለትላልቅ መኪናዎቹ «ጂኤ ኤፍ» የሚባል አንድ መሠረት አበጅቷል፤ ኤፍ ፍሬም፣ ማለትም ሻንሲ ማለት ነው። ላንድክሩዘር 300 እና 250፣ የአሜሪካ ገበያዎቹ ቱንድራ፣ ሴኮያና ታኮማ፣ ሌክሰስ ኤልኤክስ እና ጂኤክስ የቆሙት በዚህ ላይ ነው። ከዚህ ጋር የሞተሮቹም አጠራር ተቀይሯል። የድሮው 1ኤችዜድ ስንት ሊትር እንደሆነ ከስሙ አይታወቅም ነበር። አዲሱ «ኤፍ33ኤ» ግን 3.3 ሊትር፣ «ቪ35ኤ» 3.5 ሊትር መሆኑን ራሱ ይናገራል። ለገዢ የተሻለ ቋንቋ ነው።

ገዢው ምን ያድርግ?

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ያገለገለ መኪናን ገበያ ምሳሌ አድርገው አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ በ2001ም የኖቤል ሽልማት ከተጋሩበት ሥራ አንዱ ይኸው ነው። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለማያውቅ መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በመካከለኛ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ስለማይሸጥ፣ ገበያው ላይ መጥፎው ይበዛል። ስለዚህ አለማወቅ የሚጎዳው ገዢውን ብቻ አይደለም፤ ደህና መኪና ይዞ የሚሸጠውንም ሰው ነው።

የሞተርን ድካም ከውጭ ማወቅ አይቻል ይሆናል። የመኪናውን ማንነት ማወቅ ግን ወጪው ኮፈን መክፈት ብቻ ነው። በመጀመሪያ ሳህኑን ማንበብና ኮዱን በወረቀት መጻፍ። ቀጥሎ ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር ማየት፤ ይህ ቁጥር የሚጀምረው በሞተሩ ስም ነው። ሳህኑ «ኤችዲጄ» ብሎ ሞተሩ ላይ «1ኤችዜድ» ከተገኘ ሞተር ተቀይሯል ማለት ነው። መቀየሩ ወንጀል ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሊብሬው ላይ መግባቱን መጠየቅና ዋጋውን እንደገና መነጋገር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና የሻንሲ ቁጥሩ በራሱ በሞዴል ኮዱ ይጀምራል። ለውጭ የተሠራው 17 ፊደልና ቁጥር ሲኖረው፣ ጃፓን የተሠራ ቶዮታ በ«ጄቲ»፣ የታይላንዱ በ«ኤምአር»፣ የደቡብ አፍሪካው በ«ኤኤችቲ» ይጀምራል። «ንጹሕ የጃፓን ሃይሉክስ» ተብሎ የቀረበ መኪና በ«ኤምአር» ከጀመረ፣ መኪናው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ወሬው ግን ጥሩ አይደለም። በመጨረሻም ሳህኑ፣ ሞተሩ፣ ሻንሲውና ሊብሬው አራቱም አንድ ቃል ከተናገሩ ብቻ ቀብድ መክፈል።

ኮዱ ሁሉን አይናገርም። 1ቪዲ የሚባለው የናፍጣ ቪ ኤይት በላንድክሩዘር 200 ላይ ሁለት ተርቦ ሲኖረው፣ በ79 ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ስማቸው ግን አንድ ነው። ስለዚህ ለዕቃ ሲሄዱ የሞተሩን ስም ብቻ ሳይሆን የመኪናውንም ኮድ አብሮ መያዝ ይበጃል።

አንድ ነገር ልብ ይሏል። በአገራችን በኮድ መነገድን ቀድሞ የተማረው የጭነት ገበያው ነው። የአይሱዙ መኪናዎች በአገራቸው በጃፓን «ኤልፍ» እና «ፎርዋርድ» የሚባል የሽያጭ ስም አላቸው። እኛ ዘንድ ግን ያንን ስም የሚያውቀው የለም። ሾፌሩም፣ ባለንብረቱም፣ ረዳቱም «ኤን ፒ አር» እና «ኤፍ ኤስ አር» ነው የሚለው። ይህ ራሱ የፋብሪካው ኮድ ነው። ኤን ቀላሉ፣ ኤፍ መካከለኛው ተርታ ነው። ሁለተኛው ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ወደፊት በገፋ ቁጥር ክብደቱ ይጨምራል፤ ኤን ኪዩ አር ከኤን ፒ አር ከበድ ይላል። መጨረሻ ላይ አር ሲሆን በሁለት ጎማ፣ ኤስ ሲሆን በአራቱም ጎማ የሚጎትት ነው።

ጤፍና ሲሚንቶ ጭኖ በሚያገኘው ብር የሚኖር ሰው መኪናውን የሚጠራው በሚሸከመው ልክ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ብር አውጥቶ የመስክ መኪና የሚገዛው ደግሞ ከኋላ በሩ ላይ በተለጠፈው ጌጥ ይጠራዋል። ከሁለቱ የትኛው ገበያ በገንዘቡ እንደሚጠነቀቅ ለመፍረድ የምጣኔ ሀብት ትምህርት አያስፈልግም።